ቅድመ አያትን ፍለጋ፦ ከሚኒሶታ እስከ መርካቶ

አሜሪካ ውስጥ የዘር ሐረጉን የሚያጠና ሰው አብዛኛውን ሥራ የሚጨርሰው ወረቀት ላይ ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ጋዜጦች በኢንተርኔት በነጻ ዘርግቷቸዋል። ፈላጊው እዚያ የቤተሰቡን ስም የጻፈ የሰርግ ዜና፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሞት ወሬ ያገኛል። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው።

አያቱ መርካቶ ሲነግዱ የኖሩ የዲያስፖራ ልጅ በዚሁ መንገድ ልሂድ ቢል መንገዱ ቶሎ ይቆምበታል። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። «አእምሮ» ጋዜጣ ብቅ ያለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ ለጥቂት አንባቢዎች ብቻ ይታደል ነበር። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ የመጣው በ1917 ዓ.ም. ነው። መርካቶም ዛሬ ያለችበትን ቦታ የያዘችው ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ሲያዛውረው ነው። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ ገና በ2008 ዓ.ም.! ስለዚህ የዚያ ነጋዴ ቅድመ አያት የሚፈለገው መርካቶ ውስጥ ሳይሆን ቤተሰቡ በመጣበት በጉራጌ፣ በጎጃም ወይም በመንዝ ነው።

እዚያ መዝገቡ ሰው ነው። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በአማራ አካባቢ ርስት የሚጠይቅ ሰውም ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ፣ በምስክር ፊት ማስረዳት ነበረበት። በቃል የሚቆጠር ሐረግ ሊጠፋ ያልቻለው መሬት ስለሚያስገኝና ስለሚያሳጣ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የመቁጠሩ ትልቁ ምክንያት አብሮ ቀረ፤ ዛሬ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ማግኘት ብርቅ የሆነው አንድም በዚህ ነው።

የተጻፈ ነገር ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም። በየደብሩ ባሉ የብራና ወንጌሎች ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ፣ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተዋል። ቅጂዎቹ ያሉት ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ብዙዎቹንም በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። ሚኒያፖሊስ የሚኖር የጎንደር ልጅ የአጥቢያውን ወንጌል ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ሊያገኘው ይችላል።

ወረቀትም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. የ1890 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ በ1921ዱ ቃጠሎ አብዛኛው ክፉኛ ተጎድቷል። መርካቶ ውስጥም ሸማ ተራ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ስትቃጠል አይተናል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መቀዳት ያለበት የሽማግሌው ድምፅ ነው፤ ነገ ሳይሆን በዚህ ሳምንት፣ በስልክም ቢሆን። ዓመተ ምሕረት መጠየቅ ብዙም አያዋጣም። «አባትዎ የተወለዱት ከክፉ ቀን በፊት ነው በኋላ? አያትዎ አድዋ ዘምተው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ነው፣ አድዋ 1888። እንዲህ ያሉ መልሶች የልደቱን ዘመን ለመገመት ይረዳሉ፤ ከዚያ በኋላ በደብሩ ብራና ላይ የየትኛው ዘመን ጽሑፍ እንደሚታይ ይታወቃል።