እንቅልፍ ሲወስደን

አሜሪካ የመጣሁት በ44 ዓመቴ ነው፤ እንግሊዝኛ የማውቅ መስሎኝ ነበር። በነገረ መለኮት ኮሌጅ አራት ዓመት የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። ስለ መጽደቅና ስለ መቀደስ ሃያ ሃያ ገጽ ጽፌ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ዛሬም ወፍራም የማብራሪያ መጽሐፍ ብትሰጡኝ ያለ መዝገበ ቃላት አነብላችኋለሁ። ነገር ግን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ክሊኒክ ሄጄ «ሌሊት እንቅልፍ የለኝም» ለማለት ቃል አጠረኝ። የሮሜን መልእክት የሚተነትን እንግሊዝኛ ይዤ ስለ ገዛ ትራሴ መናገር አቃተኝ።

ሐኪሟ ጥያቄዋን ለሁለት ከፈለችው። ችግርህ «ፎል አስሊፕ» ላይ ነው ወይስ «ስቴይ አስሊፕ» ላይ? አለችኝ። «ፎል» መውደቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በሙሉ ልብ «ኖ፣ ኖ፣ አልወድቅም፤ አልጋችን ዝቅ ያለ ነው» አልኳት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጉንጯን በመዳፏ ላይ አሳረፈችና ዐይኗን ጨፈነች። ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ እነዚህ ሰዎች እንቅልፍ ውስጥ የሚገቡት በመውደቅ ነው! ከወደቁ በኋላ እዚያው መቆየት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን ሁለቱም እምቢ ብለውኝ ነበር። ቀጥላ ስለ ቡና ጠየቀችኝ። ማታ ማታ ሦስት እንደምጠጣ ነገርኳት፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ መሆኑን ግን እንዴት ብዬ ላስረዳት? ቡናውን ከሰዓት በኋላ እንዳቆም፣ ስልኬንም ከመኝታ ክፍል እንዳስወጣ መክራ ሸኘችኝ።

ወደ ቤት ስነዳ መውደቅ የሚለው ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ እንቅልፍ ወሰደኝ እንላለን። እንቅልፍ ጣለኝ እንላለን። ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝ፣ ሸለብ አደረገኝ፣ እምቢ አለኝ እንላለን። ሰዋስው የተማራችሁ ልብ በሉ፤ ባለቤቱ እንቅልፍ ነው፣ እኔ ተሳቢ ነኝ። መተኛት የእኔ ሥራ ነው፤ ራቴን በልቼ፣ ጸልዬ፣ መብራት አጥፍቼ ጋደም እላለሁ። የቀረው በእጄ አይደለም። እንግሊዞቹም ቢሆኑ በሌላ መንገድ የሚሉት ይህንኑ ነው። የሚወድቅ ሰው የያዘውን ለቅቋል፤ ጨብጦ የሚወድቅ የለም። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ብዙ ነገር ጨብጬ ነበር።

ስለ ጨበጥኩት ከመናገሬ በፊት ግን ልጄ ያስተማረችኝን ላጫውታችሁ። አንድ ቅዳሜ እስከ ረፋድ ድረስ አልተነሣችም። በሯን አንኳኩቼ «ምነው እንቅልፍ ጣለሽ?» ብላት ከብርድ ልብስ ውስጥ ሆና መለሰችልኝ፦ «አባዬ፣ ‹ኦቨርስሊፕ› አላደረግሁም፤ ‹ስሊፕ ኢን› ነው ያደረግሁት።» ልዩነቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ሳያስቡት፣ ሰዓት አምልጦ መተኛት ነው፤ ያሳፍራል። ሁለተኛው አስቦ፣ ዛሬ ልረፍ ብሎ ማርፈድ ነው፤ አያሳፍርም። በእኛ ቤት ሁለቱም ተኝቶ ማርፈድ ናቸው፤ ሁለቱም የሚቀበሉት ቁጣ አንድ ነው። እናቴ ብትኖር ብርድ ልብሱን ገፍፋ ነበር የምትመልስላት። እኔ ግን በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ዕረፍትንና ስንፍናን ለይቶ የሚጠራ ቃል ያላት ልጅ ከአባቷ ትሻላለች መሰለኝ።

ሌላም አለ። ጉባኤያችን የሚሰበሰበው በአንድ የአሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። የረቡዕ ማታ ጸሎትም እዚያው ይሁንልን ብለን ስንጠይቅ ኃላፊው «ሌት ሚ ስሊፕ ኦን ኢት» አለኝ። ቃል በቃል ልተኛበት ማለት ነው። አዝኜ ወደ ሽማግሌዎቻችን ሄድኩና «ወንድሞች፣ ሌላ ቦታ እንፈልግ፤ ሰውየው ጉዳያችን ላይ ሊተኛበት ነው» አልኳቸው። በአገራችን መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ላይ ከተተኛበት እኮ አበቃ! በማግስቱ ጠዋት ሰውየው ደውሎ ፈቀደልን። የእኛ አባቶች «ነገሩ ይደር» የሚሉትን ነበር ለካ ያለው። ይደር፣ ሌሊቱን እኔ ሳልነካው እግዚአብሔር ይመልከተው ማለት ነው። ይህን ለሌላው ሰው ሳስተምር ኖሬ ለራሴ ግን አንድም ነገር አላሳድርም ነበር።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልግባ።

ክሊኒክ ከመሄዴ ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ እሑድ እየሰበክሁ ሳለ አንድ ወንድም በሁለተኛው ረድፍ ተኛ። መተኛት ብቻ አይደለም፣ አንኮራፋ። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ አደረገ። እኔ ያደግሁት በአዳር ጸሎት ነው፤ ዐይኔ እንቅልፍ ሳይዞርበት አድሬ በማግስቱ ማገልገል የምመካበት ነገር ነበር። በሦስተኛው እሑድ ሲያንቀላፋ አላለፍኩትም። የጳውሎስ ስብከት ረዝሞበት በመስኮት ተቀምጦ ሳለ እንቅልፍ ስለ ጣለው ወጣት አነሣሁና (የሐዋ. 20፥9) «የአውጤኪስ ወንድሞች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ የዳኑት መስኮት ስለሌለን ነው» አልኩ። ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። ያ ወንድም በሳቁ ድምፅ ነቃ። ስለ ምን እንደሚሳቅ ሳያውቅ ግራና ቀኝ አይቶ እሱም ከሰዉ ጋር ሳቀ።

ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ከጉባኤው በኋላ ባለቤቱ ልጇን አዝላ ወደ እኔ መጣች። «ፓስተር፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልንገርዎት» አለችኝ። «‹ግሬቭያርድ ሺፍት› ነው የሚሠራው። በቀጥታ ከሥራ ነው የሚመጣው። ቤት ሄደህ ተኛ ስለው ‹ቃሉን ሳልሰማ ሳምንቱን አልችለውም› ይለኛል። እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ብሎ ነው ከፊት የሚቀመጠው።»

ግሬቭያርድ የመቃብር ስፍራ ነው። የመቃብር ፈረቃ! ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገብቶ ጠዋት አንድ ሰዓት የሚወጣ ሰው ነው ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ ያላችሁ ይህን ስም ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከእናንተ ውስጥ በዚያ ፈረቃ ልጆች ያስተማራችሁ፣ አገር ቤት ያሉ ወላጆችን የጦራችሁ ብዙ ናችሁ።

ያ ወንድም በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ከዚያም በኋላ ለአንድ ወር ቀረ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ሄድኩ። መስኮቶቹ በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍነዋል፤ ልጆቹ ወለል ላይ ተቀምጠው በሹክሹክታ ይጫወታሉ። እንዳይቀሰቅሱት ለመድኋል፤ ምን ያህል ቀን እንዲህ በሹክሹክታ እንዳደጉ አሰብኩ። ባለቤቱ «ልቀስቅሰው?» ስትለኝ እጄን አወዛወዝኩ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ሻይ ጠጥቼ ሳላነጋግረው ወጣሁ።

እንቅልፍ ያጣሁት በዚያው ሰሞን ነው። ጌታ ቀጣኝ አልልም፤ እንዲህ ያለ ትምህርት አላስተምርም። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የአዳራሽ ኪራይ፣ በሽማግሌዎች መካከል የተነሣ አለመግባባት፣ ከአገር ቤት በሌሊት የሚገቡ መልእክቶች፤ ሁሉንም አልጋዬ ላይ ይዤ እወጣ ነበር። ስልኬ ከትራሴ ሥር ነበር። ጠዋት ሰዎች እንዴት አደሩ ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ያደርኩት ግን እግዚአብሔርን ከሥራው ለመተካት ስሞክር ነው። በመዝሙር 121 የእስራኤል ጠባቂ እንደማይተኛ ስንት ጊዜ ሰብኬአለሁ! አልጋዬ ላይ ግን ሁለታችንም ነቅተን እናድር ነበር፤ አንዳችን በከንቱ።

በአንድ ምሽት ለዚያ ወንድም ደወልኩና «ዛሬ ሥራህ እኔ ላድርስህ» አልኩት። መኪና ውስጥ ይቅርታ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ቆይቶ «ፓስተር፣ ያን ቀን እኮ እኔም ስቄያለሁ» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ሁለት መብራት ያህል በዝምታ ነዳሁ።

ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። መገላበጥ የማይችሉትን ሰዎች ቆዳቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጣል። የመጨረሻውን ክፍል ሲጨርስ የመጀመሪያው ሰዓት ይደርሳል። ከእነርሱ መካከል አንዲት እናት ጨለማ የሚያስፈራቸው አሉ። ማታ ማታ በሩ ላይ ጥላውን ሲያዩ ማን እንደነቃ ይጠይቁታል። «ምን ትላቸዋለህ?» አልኩት።

«‹አይ አም አፕ› እላቸዋለሁ። እኔ ነቅቻለሁ፣ እርስዎ ይተኙ ማለት ነው። ከዚያ ይተኛሉ።»

«ሌላ ምንም አይፈልጉም?»

«ምንም። የነቃ ሰው መኖሩን ማወቅ ነው የሚፈልጉት።»

በሩ ላይ አድርሼው መኪናዬ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ያንን መዝሙር በዕብራይስጥ አጥንቼዋለሁ፤ ስለ ማንቀላፋትና ስለ መተኛት የሚናገሩትን ሁለት ግሦች አንድ በአንድ ተንትኜ ፈተና አልፌበታለሁ። ትርጉሙን የሰማሁት ግን የመቃብር ፈረቃ ከሚሠራ ሰው አፍ ነው። መቃብር ካልን አይቀር፣ እንግሊዞች ለመቃብር ስፍራ ሴመተሪ የሚል ሌላ ስም አላቸው፤ የመጣው ኮይሜቴሪዮን ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፣ ፍቺውም መኝታ ቤት ነው። ጌታ ወዳጃችን አልዓዛር ተኝቷል ሲል ዮሐንስ የተጠቀመው ግሥም ከዚሁ ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። ደቀ መዛሙርቱ እንደ እኔ ቃሉን ቃል በቃል ወሰዱት፤ ከተኛማ ይድናል አሉ፤ በኋላ ጌታ በግልጽ መሞቱን ነገራቸው (ዮሐ. 11፥11-14)። እኛም ቅዱሳንን ስንሸኝ አንቀላፉ እንላለን። የሚቀሰቅስ እንዳለ የሚያምን ሰው ሞትን በዚህ ስም ይጠራዋል።

ያን ሌሊት ገብቼ ጭልጥ ብዬ ተኛሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። እንደ ወትሮው ነቅቼ አደርኩ። ነገር ግን ስልኩን ሳሎን አስቀመጥኩት፤ አልጋዬ ላይ ሆኜም ጸሎት ከማስረዘም ይልቅ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ነቅተሃል» ብዬ ዝም አልኩ። በሳምንታት ውስጥ እንቅልፌ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ቡና መቀነሴም ረድቶኛል፣ ሐኪሟን ላመስግን። ዛሬም አንዳንድ ሌሊት እምቢ ይለኛል። ወዳጄ፣ አንተም እንቅልፍ የሚነሳህ ሕመም ካለ ሐኪም ጋ ሂድ፤ እምነት ማነስ ነው የሚልህን አትስማ፣ ያ ሰባኪ እኔ ብሆንም እንኳ።

በሚቀጥለው እሑድ በመድረክ ላይ፣ በሳቅሁበት ቦታ፣ በጉባኤው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። ስለ አውጤኪስም በድጋሚ ሰበክሁ። ጳውሎስ ልጁን አልተቆጣውም፤ ስብከቱን አቋርጦ ወረደ፣ ዐቀፈው፣ ከዚያ ተመልሶ እስኪነጋ ተናገረ። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አንብቤው ዕቅፉን አልፌው ነበር። በጌቴሴማኒ ያንቀላፉትንም ሐኪሙ ሉቃስ ብቻ ነው ከሐዘን የተነሣ ተኝተው እንደነበር የሚጽፍልን (ሉቃ. 22፥45)። ሐኪም እንቅልፍ ሲያይ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ እኔ ሳልጠይቅ ነበር የፈረድኩት።

ወንድማችን ተመልሶ መጥቷል። አሁን ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የሚቀመጠው፤ ራሱን የሚያሳርፍበት ስላለው። ባለፈው እሑድ ገና ስብከቱን ሳልጀምር እንቅልፍ ወሰደው። አንዱ አስተናጋጅ ሊቀሰቅሰው ጎንበስ ሲል ከመድረክ ሆኜ በጣቴ «ተወው» አልኩት፤ ባለቤቱም ኮቷን ደረበችለት። ማይኩን ትንሽ ዝቅ አደረግሁት።

ስንወጣ በር ላይ ያዘኝ። «ፓስተር፣ ይቅርታ፣ የዛሬው ክፍል የት ነበር?»

«መዝሙር 4፣ ቁጥር 8» አልኩት። በሰላም ስለ መተኛት የሚናገረው ነው።

ዐይኑን እያሸ ሳቀ። «እሱንስ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ» አለ። «ከዚያ በኋላ ነው የተኛሁት።»