የሟች ገንዘብና የሟች ዕዳ

በደቡብ ኦሞ፥ በሃና ከተማ፥ ጨውና ቡና የሚነግድ አጎት ነበረኝ። ታምሞ ሞተ። ኀዘን ተቀምጠን ሳለን ጎረቤቶቹ፦ «አጎትህ በጂንካ በባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ አለ» ብለው ነገሩኝ። የቤቴ የሣር ክዳን ያፈስስ ነበርና ልቤ ወዲያው ቆርቆሮ መግዛትን አሰበ።

ወደ ጂንካ ሄጄ ባንኩን ጠየቅሁ። ሠራተኛውም፦ «የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ሳታመጣ የሟቹን ሂሳብ ልነግርህ አልችልም» አለኝ።

በፍርድ ቤቱ ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ራፖር ጸሐፊ አገኘሁ። እርሳቸውም፦ «ልጄ፥ ውርስ የሚከፈተው ሟቹ ይኖርበት በነበረው ስፍራ ነውና ወደ ሃና ተመለስ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አስቀድሞ የቀብሩ ወጪና የሟቹ ዕዳ ይከፈላል፤ ወራሽ የሚወስደው የተረፈውን ነው። ስለዚህ ምን ተወልኝ ከማለትህ በፊት የማን ዕዳ ነበረበት ብለህ ጠይቅ» አሉኝ።

አጎቴ ሚስትና ልጅ አልነበረውም፤ ወላጆቹም ሞተዋል። ብቸኛ ወንድሙ አባቴ ነበረ፤ እርሱም ስለ ሞተ በምትኩ የምወርስ እኔ ነበርሁ። የሃና ፍርድ ቤት ምስክሮችን ሰምቶ ማስረጃውን ሰጠኝ። በባንክ 60 ሺህ ብር ተገኘ። ለቀብሩ የተበደርሁትን 12 ሺህ ብር ከፈልሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ከብት አርቢ የቦዲ ሽማግሌ ወደ ቤቴ መጡ። በአስተርጓሚም፦ «አጎትህ በሬዬን ገዝቶ ዋጋውን 40 ሺህ ብር ሳይከፍለኝ ሞተ» አሉኝ። ወረቀት አልነበራቸውም፤ ምስክርም አልነበራቸውም። ነገር ግን አጎቴ በታመመ ጊዜ ይህን ዕዳ ለእኔ ብቻ ነግሮኝ ነበር። «አላውቅም» ብል የሚረታኝ አልነበረም። ሌሊቱን ሁሉ እንቅልፍ አጣሁ። ቆርቆሮው ታየኝ፤ የአጎቴም ፊት ታየኝ።

በማግሥቱ 40 ሺህ ብሩን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ሽማግሌውም እጄን ይዘው፦ «እንግዲህ በአጎትህ ላይ ቂም የለኝም» አሉኝ።

ለእኔ 8 ሺህ ብር ተረፈኝ። በእርሱም ሣር ገዝቼ ቤቴን አስከደንሁ። ቆርቆሮ አላገኘሁም፤ ነገር ግን በሃና ገበያ ሳልፍ ፊቴን የምሰውርበት ሰው የለም።

ልጆች ሆይ፥ ዘመድ ሲሞትባችሁ የተወውን ብቻ አትቁጠሩ፤ ዕዳውንም ጠይቁ። ሟች ስለ ራሱ መናገር አይችልምና በእርሱ ፈንታ እውነቱን መናገር የወራሹ ፋንታ ነው።