ፓርክን በክረምት እዩት



"በዚህ ዝናብ ፓርክ ምን ትሠራለህ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔ ግን የአትክልት ስፍራ መጎብኘት የምወደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በጥቅምትማ ሁሉም ያምራል። የአንድ ፓርክ ማንነት የሚለየው ዝናብ ሲወርድበት ነው።

ዘንድሮ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ተመላልሻለሁ። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ ከ700 ሄክታር በላይ የሆነ ቦታ ነው። ጽድ፣ ኮሶና ወይራ በበዙበት በኩል ቁጥቋጦውና ሣሩ መሬቱን ሸፍኖታል፤ ዝናቡ ከቅጠል ቅጠል እየተንጠባጠበ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ባሕር ዛፍ ብቻ በቆመበት ግን መሬቱ ራቁቱን ነው፤ ውሃው አፈር ጠርጎ ቁልቁል ይሮጣል። በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ እጦት አውጥቷታል፤ ውለታው አይካድም። አፈር መያዝ ላይ ግን አገር በቀሉን አይተካም።

ያ ውሃ የት ይሄዳል? ወደ ታች፣ ወንዝ ዳር ወደሚኖረው ሰው ደጅ። እንጦጦ ላይ የሚሆነው ቀበና ወንዝ ዳር ያለውን ቤተሰብ እንቅልፍ ይነሳዋል።

በቅርብ ዓመታት ፓርኮች በዝተዋል፤ እሰየው ነው። ነገር ግን የድንጋይ ንጣፍ ከበዛባቸው ለዓይን እንጂ ለጎርፍ አይደርሱም። ሪባኑ በፈለጉት ወር ይቆረጥ፤ ፈተናው ግን ነሐሴ ላይ ነው። እስቲ እናንተም ጃንጥላ ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ፓርክ ጎራ በሉ። አበባውን ካያችሁ በኋላ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉት።