ቆርኪና እርሳስ

ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ሰኞ ለቅሶው እንደ አዲስ ይጀምራል። ቅዳሜና እሁድን እናቱ ጉያ ውስጥ የከረመ ልጅ በሩ ላይ ሲደርስ ቀሚሷን ጨምድዶ ይይዛል። «በቃ ሂጂ፣ አትዙሪ» እላታለሁ፤ እሷ ትዞራለች፣ እሱም ይብስበታል። ቁርስ ሲሸት ግን ሁሉም ተረስቷል።

የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ ስለሚመግቡ፣ የእኛ ቀን ፊደል ሳይቆጠር በእጅ መታጠብ ይከፈታል። ሰልፍ፣ እጅጌ መሰብሰብ፣ ሳሙና፣ መጋፋት፣ ከዚያ የረጠበውን እጅጌ መጭመቅ። ይኼ ትምህርት አይደለም የሚል ካለ አንድ ጠዋት መጥቶ ይሞክረው።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

አንድ አባት መገናኛ ደብተሩ ላይ «የጎረቤት ልጅ ኤቢሲዲን ጨርሷል፤ የእኔ ለምን የቤት ሥራ አይሰጠውም?» ብለው ጻፉ። ልጃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ «አባቱ፣ ገና አራት ዓመቱ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ገብቶኛል ሚስ፣ ወደ ኋላ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።»

አልፈርድባቸውም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ግን በዚህ ዕድሜ የእጅ አንጓ አጥንት ገና አልጠነከረም። ልጃቸው እርሳሱን እንደ ዘነዘና ጨብጦ ሲጫን ወረቀቱ ይቀደዳል፣ እሱም ይናደዳል።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ዛሬ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ምንጣፉ ላይ በተንን። ሥራቸው በቀለም መለየት ነው። ድምፅዋ እምብዛም የማይሰማ አንዲት ልጅ ቀዩን ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ ከደረደረች በኋላ ሁለቱም ቀለም ያለበት ቆርኪ ገጠማት። አገላበጠችው። ቀዩ ጋ አስቀመጠች፣ አነሳች፤ ቢጫው ጋ ወሰደች፣ መለሰች። በመጨረሻ መሃል ላይ አድርጋ «ሚስ፣ ይሄ የሁለቱም ነው» አለችኝ። ትልልቆቹ ሒሳብ ክፍል ውስጥ «የጋራ አባል» እያሉ የሚማሩት ይኼንኑ ነው። አጠገቧ ያለው ደግሞ ኪሱን ሞልቶ ሊወጣ ሲል ያዝኩት።

ከምሳ በኋላ ፍራሽ ተነጠፈ። የማይተኙት ጣሪያ እያዩ ተንሾካሾኩ፤ እኔም ሻይ የምቀምሰው በዚያች ሰዓት ነው።

ቆርኪው እያለቀብን ነው። ወላጆች፣ ቤታችሁ ካለ አትጣሉት፤ የዛገውን ለዩና የቀረውን አጥባችሁ በልጆቹ ቦርሳ ላኩልን። የቤት ሥራ ካላችሁ አይቀር፣ እጥበቱን አብራችኋቸው ሥሩ።