ከማሳቹሴትስ እስከ ሞጣ

ቢቸና ገበያ የወጣ ሽማግሌ ስለ ዘመኑ ዕቃ ቢጠየቅ መልሱ ቅርብ ነው፤ «ሁሉ ነገር የቻይና ሆነ! ድሮ የለበስነውም የያዝነውም የአገር ነበር።» ይህን የሚለው የእጅ ባትሪውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጃንጥላውን ተመርኩዞ ነው። ሁለቱም የቻይና ናቸውና እስከዚህ አልተሳሳተም። የተሳሳተው «ድሮ» ያለው ላይ ነው።

ለዚህ አቡጀዲን መከተል ይበቃል። ጎጃም ውስጥ አቡጀዲ ያልገባበት ቤት አይገኝም። ድንኳን ሆኖ ተተክሏል፤ ሱሪና እጀ ጠባብ ሆኖ ተለብሷል፤ ሬሳ ተገንዞበታል። ሠዓሊውም ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ የሚሥለው እዚሁ ጨርቅ ላይ ነው፤ ከዚያ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። (ጊዮርጊስም ቢሆን ትውልዱ ባሕር ማዶ ነው፤ ሞጣ ጊዮርጊስ ወይም ዲማ ጊዮርጊስ ደጀ ሰላም ቆሞ ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ደፋር ግን እስካሁን አልተሰማም።)

አቡጀዲ ከአሜሪካ መጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የማሳቹሴትስ ነጋዴዎች ከሴለም ወደብ ጭነው ዛንዚባር ያራግፉት ነበር፤ የጠረፉ ሰውም «መሪካኒ» አለው። ወደ እኛ አገር ደግሞ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በግመል፣ ደጋውን በበቅሎ እየተጫነ ወጣ። በ1896 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ አገሩ ለኢትዮጵያ ከምትሸጠው ሁሉ ዋናው ይኸው ጨርቅ ነበር።

የሚከፈልበትስ ገንዘብ የማን ነበር? የኦስትሪያ። ማርትሬዛ ብር ላይ ያለችው ንግሥት በ1780 እ.ኤ.አ. ሞታለች፤ ብሩ ግን ከዚያም በኋላ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖረ። የጎጃም ሰው ቆጥሮ ተቀበለው፣ ቀብሮ አስቀመጠው፣ ሲያሻውም ለአንጥረኛ ሰጥቶ አስቀለጠው። የአያት የብር መስቀል ሲወለወል የሚያበራው ብዙውን ጊዜ የዚያች ንግሥት ፊት ነው።

አሜሪካኖቹም አልቆዩበትም፤ ጃፓን በርካሽ ጨርቅ መጥታ ከጣሊያን ወረራ በፊት ገበያውን ቀማቻቸው። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ። «ይኼስ የራሳችን ነው» የሚል ይኖራል። ፋብሪካው የቆመው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው።

ማረሻውስ? ብረት ቀጥቃጩ ቁጭ ብሎ ወናፉን ሲያስነፋ፣ ፍሙ ውስጥ የሚቀላው ብረት አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ነው። ትናንት አይሱዙ ተሸክሞ ሲንገጫገጭ የነበረው ብረት በማግስቱ የእነማይን ጥቁር አፈር ይሰነጥቃል። ገበሬው ይህን እያወቀ «የአገር ማረሻ» ይለዋል፤ ልክም ነው። ቀጥቅጦ፣ አሹሎ፣ ለእርፉ እንዲስማማ ያደረገው የመንደሩ እጅ ነዋ።

ጋቢም እንዲሁ ነው። ድሩን ከፋብሪካ ይገዙታል፤ ድውሩን የቤቷ እመቤት ታባዝተዋለች፣ ትፈትለዋለች፤ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ይሠራዋል። ያላለቀለት ሆኖ ከውጭ የገባው ነገር እዚህ መጥቶ ሥራ ይሰጣል እንጂ ሥራ አያስፈታም።

እንግዲህ ሽማግሌው ሊቆጣ የሚገባው በጃንጥላው አይደለም። ጃንጥላ የሚሠራ ሰው ቢቸናም ሞጣም አልነበረም፤ ቻይና ማንንም አልቀማችም። ጥለቱ በማሽን ታትሞ፣ ተሰፍቶ ያለቀለት «የሐበሻ ቀሚስ» በኮንቴይነር ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለፈታይዋም፣ ለሸማኔውም፣ ለጥልፍ ሠሪዋም የተረፈ ነገር የለውም። ዋጋውም ርካሽ ነውና ሙሽራን መውቀስ ይከብዳል። ቢሆንም ሞጣ ላይ ለሠርግ ቀሚስ የሚገዛ ሰው ጥለቱን ገልብጦ ጀርባውን ይመልከት፦ የታተመ ከሆነ ከጀርባው ቀለሙ ይደበዝዛል፤ የተሸመነ ከሆነ ክሩ በግልጽ ይታያል።