ሐበሻ የቆረቆራት ከተማ

እኛ ባጃጅ የምንላት ባለ ሦስት እግር ከምትሠራባቸው ፋብሪካዎች አንዱ ዋሉጅ ነው። ዋሉጅ ደግሞ በህንድ ማሃራሽትራ ግዛት፣ ማሊክ አምባር የተባለ ሐበሻ በ1610 ከቆረቆራት ከተማ አጠገብ ይገኛል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የከተማዋን ስም እስካሁን ያልጠራሁት በምክንያት ነው። እዚያ ስም መጥራት ወገን መለየት ነው።

አምባር ሲመሠርታት ኻድኪ ተባለች። በ1626 ሲሞት ልጁ ፋቴህ ኻን በራሱ ስም ፋቴህናጋር አላት። በ1653 የሙስሊሙ የሙጋል ሥርወ መንግሥት ልዑል አውራንግዜብ፣ ደካን የሚባለው የህንድ ክፍል ገዢ ሆኖ ሲመጣ አውራንጋባድ አደረጋት። በ1988 የሺቭ ሴና ፓርቲ መሪ ባል ታከሬይ በከተማዋ ምርጫ ሲቀናው፣ ከእንግዲህ ሳምባጂናጋር ናት ብሎ በአደባባይ አወጀ። ሳምባጂ የአካባቢው ሂንዱዎች፣ የማራታዎቹ፣ ንጉሥ የሺቫጂ ልጅ ነው፤ በ1689 አውራንግዜብ አስገድሎታል። የገዳዩን ስም አንስቶ የሟቹን መተካት ለምርጫ ቅስቀሳ እንዴት እንደሚመች መናገር አያሻም።

ታከሬይ የካርቱን ሠዓሊ ነበር። በ1966 ፓርቲውን ሲያቋቁም ዒላማው ሙስሊሞች አልነበሩም። ቦምቤይ ውስጥ የቢሮ ሥራ የያዙ የደቡብ ህንድ ሰዎች ነበሩ፤ ማሃራሽትራ ለማሃራሽትራ ልጆች የሚል ጩኸት ነበር። ጠላቱ በኋላ ተቀየረ፣ የጩኸቱ ዜማ ግን ያው ነው። በ1995 ፓርቲው ከሂንዱ ብሔርተኛው ቢጄፒ ጋር በግዛቲቱ ሥልጣን ሲይዝ ቦምቤይን ሙምባይ አሰኘ። የዚችን ከተማ የስም ለውጥ የግዛቲቱ መሪ የነበረው ልጁ ኡድሃቭ ታከሬይ ሰኔ 29 ቀን 2022 በካቢኔው የመጨረሻ ስብሰባ አጸደቀው፤ መንግሥቱ እየፈረሰ ነበር፣ በዚያው ዕለት ሥልጣኑን ለቀቀ። ተተኪዎቹ ከአዲሱ ስም ፊት «ቻትራፓቲ» የሚለውን የንግሥና ማዕረግ ጨምረው እንደገና ወሰኑት፤ ማዕከላዊው መንግሥት በየካቲት 2023 ፈቀደ።

የኡድሃቭ ካቢኔ ስሙን ከማጽደቁ አንድ ወር ቀደም ብሎ በዚችው ከተማ ሰው ሰልፍ የወጣው በውሃ እጥረት ነበር። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ልደታ ላለ ሰው ይህን አላብራራም። አምባር ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነህረ አምባሪ የተባለ የመሬት ውስጥ የውሃ መስመር ዘርግቶ፣ ቁልቁለቱን ብቻ ተጠቅሞ ከተማውን አጠጥቷል። አዲስ ስም በአንድ ስብሰባ ያልቃል፣ ቧንቧ ግን ዓመታት ይፈጃል።

ሰዉ ማንን የከተማዋ «ባለቤት» እንደሚል ለማየት መቃብሮቹ ይበቃሉ። ከከተማዋ ወጣ ብላ ኩልዳባድ አለች፤ አውራንግዜብም አምባርም የተቀበሩት እዚያው ነው። በመጋቢት 2025 የአውራንግዜብ መቃብር ይነሳ የሚል ጥያቄ በዚያው ግዛት ናግፑር በተባለ ከተማ ረብሻ አስነሳ፤ መቃብሩም በጥበቃ ተከበበ። ሰማይ የሚያየው፣ ጉልላት የሌለው ቀላል መቃብር ነው። አምባር በሕይወት ሳለ ያሠራው ጉልላታም የድንጋይ መቃብር ዘንድ ስሄድ ግን እኔን «ወዴት ነህ?» ያለኝ አንድም ፖሊስ አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው። አምባር በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ፣ በሞካና በባግዳድ በኩል ደካን የደረሰ ሰው ነው። ከባርነት ወጥቶ የአህመድናጋርን ሱልጣኖች የሚያነግሥ እንደራሴ ሆነ። ሙጋሎቹን ያስቸገራቸው በሽምቅ ውጊያ ነው፤ ከፈረሰኞቹ ብዙዎቹም ማራታዎች ነበሩ። የሺቫጂ አባት ሻሃጂ በ1624 ባትቫዲ ላይ ከእሱ ጎን ተዋግቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ስላልቻለው የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሥሏል። እንግዲህ ሙጋሎችን በመጥላት የሚምል ፓርቲ፣ ከሳምባጂ በፊት ሙጋሎችን የተዋጋውን የከተማዋን መሥራች ስም ሊመርጥ ይችል ነበር። አላሰበውም። አምባር ሙስሊም ነው፣ የባዕድ ልጅም ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከኋላው የሚሰለፍለት መራጭ የለውም።

ይህን ሳስብ ሰፈሬ ታወሰኝ። ሜክሲኮ አደባባይ፣ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ባለች ሩቅ አገር ስም የተጠራ ነው፤ ሜክሲኮ ሲቲም በአጸፋው ኢትዮጵያ የሚባል የባቡር ጣቢያ አላት። መስቀል አደባባይ አብዮት ተብሎ መልሶ መስቀል ሆነ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም አዲስ አበባ ተባለ፤ ሜክሲኮን ግን የነካው የለም፣ ወያላው ዛሬም በዚያው ስም ይጣራል። ውለታ አክባሪ ስለሆንን ነው ብል ደስ ባለኝ። የሚመስለኝ ግን በስሙ የሚያኮርፍም የሚፎክርም ጎራ ስለሌለ ነው። ናዝሬት ወይስ አዳማ፣ ደብረ ዘይት ወይስ ቢሾፍቱ ሲሆን እንዴት እንደምንተያይ እናውቃለን።

ባድካል በር አጠገብ፣ አምባር ሙጋሎችን ድል ላደረገበት መታሰቢያ በ1612 ባሠራው በር ጥግ፣ ሻይ የሚሸጡ ሽማግሌ አገሬን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ታዲያ እናንተ አገር በህንድ ሰው ስም የተጠራ ነገር አለ ወይ?» አሉኝ። ከሰፈሬ ብዙም ሳይርቅ፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ ህንዶች ያሠሩት ጋንዲ የሚባል ሆስፒታል እንዳለ፣ ብዙ የከተማዬ ልጅም እዚያ እንደተወለደ ነገርኳቸው።

ሻዩን ከብርጭቆ ብርጭቆ እየገለበጡ ቀና ብለው አዩኝ። «እስካሁን አልቀየሩትም?»