ጭጭ ያለችው ስካነር

ዋሽንግተን ውስጥ ሌሊት ታክሲ ስነዳ ሳይረን በሰማሁ ቁጥር «ዛሬስ የማን ቤት ይሆን?» እያልኩ ልቤ ይሰቀል ነበር። በመጨረሻ የእሳት አደጋና የፖሊስ ሠራተኞችን የሬዲዮ ንግግር እየጠለፈች የምታሰማ ስካነር በርካሽ ገዛሁ። ቤቴ ገብቼ ብከፍታት ጭጭ! ለካ የእኔዋ አናሎግ ናት፤ ከተማው የሚያወራው በዲጂታል ነው። ውዷን ዲጂታል ልግዛ ስል አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬ ሳቀ።

«የፖሊሱማ እ.ኤ.አ. በ2011 በሚስጥር ኮድ ተቆልፏል፤ ሺህ ዶላር ብታፈስም አትሰማውም» አለኝ።

መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ የዕቃዋን ዋጋ ሳይሆን የከተማውን አነጋገር ኖሯል። ሌላም ጥያቄ ቀረችኝ፤ የሰው ጭንቀት ማድመጥ ያማረኝ ልደርስለት ነው ወይስ ወሬ ልቃርም? መልሱን ለራሴ ሳልሰጥ ሌላ ስካነር አልገዛም ብያለሁ።